ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ

የካ አባዶ ላይ ብሎክ መቶ ስድስት፣
አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከባሕር ዛፉ ፊት፣
እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እነሱ አራተኛ፤
የነሱ ወለል ነው ጣሪያችን ለእኛ።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምሥጢር አይችልም፤
ማን ማንን እንዳኮረፈ፣ የማን ድስት እንዳረረ
የማያውቅ የለም።
የነሱ ድምፅ ግን ይወርዳል ቀስ ብሎ፣
እንደ ጣሪያ ፍሳሽ ስንጥቅ ተከትሎ።

ያፌት ሴራሚክ አንጣፊ ነው፣
ጣቱን ሲሚንቶ የላጠው።
ጊታሩ አምስት ክር አለው፤
ስድስተኛዋ የዓሣ ማጥመጃ ሲባጎ።
ትርሲት መድኃኒት ቤት ቆማ ትውላለች፤
ማታ ፍሪጁን ነቅላ፣ ፍራሹን መስኮት ላይ አቁማ፣
ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ
ከካፖርቶች መሐል ተቀምጣ ትዘፍናለች።
ወተታቸው ሁልጊዜ የኮመጠጠ ነው።

የሚቀዱት ሌሊት ስድስት ሰዓት ካለፈ፣
የመጨረሻው ሚኒባስ በሩን ዘግቶ ካረፈ፣
ጅቦቹ ከጫካው ሳይወርዱ ገና፣
በዚያች ቀዳዳ ነው፣ ጭር ሲል ጎዳና።

መጀመሪያ ሰሞን፣ እውነቱን ልናገር፣
በመወልወያ እንጨት ጣሪያ ስደበድብ ነበር።
ዝም ይላሉ።
ዝምታቸው ደግሞ ይባስ አያስተኛም።
አስካለ፣ ባለቤቴ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣
«ተዋቸው» አለች፤ «አገር ተኝቶ ሳለ የሚዘፍን ሰው
የሚዘፍነው እንቅልፍ ቢወስደኝ ብሎ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌ ያገለገልኩ፣
በሽቦ ጫጫታ ድምፅ ስለይ የኖርኩ፣
ከዚያች ማታ ወዲያ መወልወያ ጣልኩ።
ቃሉን ግን አልያዝኩትም።
ስለ ዝናብ መሰለኝ፣ ስለ ኪራይ ቤት፣
ስለ አንድ ሰው ጃኬት።

ኅዳር ሲታጠን ሳሏ ባሰ።
ጥር ላይ ድንኳን ተተከለ መኪና ማቆሚያው ላይ፤
የእድሩን አግዳሚ ያፌት ነው
በትከሻው ያመላለሰ።

ከአርባዋ በኋላ በሬ ተንኳኳ።
ጫማቸውን አውልቀው፣ ማን ይናገር ብለው ሲተያዩ ቆይተው፣
ፍላሽ ሰጡኝ በሶፍት ጠቅልለው።
«ሦስተኛው ዘፈን ላይ» አለች ትርሲት፣ ወለሉን እያየች፣
«ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ሲል።
መስከረም ላይ ስንቀዳው አላወቅንም።
በኋላ ልናጠፋው ነበር፣
እጃችን እምቢ አለን።»

እሁድ ቴፑ ላይ ሰክቼ ሰማሁት፣ በር ዘግቼ።
ጊታር። ትንፋሽ። የልብስ መስቀያ ሲጋጭ።
እና ከሥር፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ፣
ሁለት ሳል፤
ከዚያ የእሷ ድምፅ፦
«መብራቱን አጥፋው፤ ይበቃል።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ጋብቻ፣
የተቀረጸው ስለ መብራት ብቻ።
ለነገሩ እሷም ብትጠየቅ
ሌላ አትል ነበር።

«ሃምሳ ሦስት ሰው ሰምቶታል» አለኝ ያፌት፣ ቁጥሩ አሳፍሮት።
ሃምሳ ሦስት ሰው!
ስሟን የማያውቅ፣ ደጇን ያልረገጠ፣
ለቆጣሪ የምትሰስተውን አስካለን
ሃምሳ ሦስት ሰው በጆሮው አስቀመጠ።

«ድምፁን ከፍ እናድርግልዎ?» አሉኝ።
አይሆንም፣ እንዳለ ይሁን አልኩ።
አስካለ ጮክ ብላ አታውቅም።

ዛሬ ማታ ብሎኩ በሙሉ ጨለማ ነው፤
መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት ሆነው።
ቴፑ በድንጋይ ይሠራል።
ከላይ ጊታር አለ፣ ቴፑ ውስጥም ጊታር፤
የዛሬውና የአምናው አልገጠሙም፣
አንዱ የአንዱን እግር ይረግጣል።
ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሲሆን
ተነሳሁ፣
ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ሄጄ
ማብሪያውን ጫን አደረግኩት፣
ሲመጣ እንዳይበራ።