የሰኔ ሠላሳ ቆጠራ

ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ደብረ ብርሃን ጉሟን ተከናንባለች፤
የመጋዘኑ ቁልፍ ዝጋ፣ አልዞርም ብላለች።
በሩን በትከሻ ገፋሁ፤
ንብረት ልቆጥር ገባሁ፣
"ን" ወድቆበት ኖሮ ብረት ብቻ አገኘሁ።

አንድ ሳጥን ከፊቴ፤ ባለ ሁለት ገመድ፣ ባለ መዘውር፣
ከሽባ ክንድ ላይ እንቅልፍ የሚያባርር
ነበር አሉ፣
ድሬሰር ይመኑ በሕይወት ሳሉ።
የነዘራቸው ሁሉ
"ዛሬስ ሰይጣኔ ወጣልኝ" እያሉ
እስከ ጠባሴ በእግራቸው ይሄዱ ነበር አሉ።
መዝገቡ ይላል፦ ሳጥን፣ አንድ፣ ፊውዝ የሌለው።
የሚወገድ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልበለው?

ቀጥሎ የልጅ ጫማ፤ የግራ ብቻ፤ ዘንግ በዚህ፣ ዘንግ በዚያ፣
ጠፍሩን አይጥ በልቶት የቀረው ማቆላለፊያ።
ከመዳፌ አይበልጥም።
ልጁ አድጎ ይሆናል፤
ወይም ደግሞ... እሱን አልቆጥርም።

የፍየል ቀንድ አለ፣ ጫፉ ተበስቶ፣ በሰም የተደፈነ፣
ከየትኛዋ ዋጋሚ እጅ እንደተነጠቀ ያልተመዘገበ፣
"አገልግሎቱ ያልታወቀ" ተብሎ ሠላሳ ዓመት የከረመ።
እኔ አውቀዋለሁ።
የአባቴን ጀርባ ስንቴ ጠጥቷል፤
ፈውሶት እንደሁ እንጃ፣ በማግስቱ ግን አባቴ ማሳ ወርዷል።

"ክብደት፣ ባለ አምስት ኪሎ፣ ሦስት" ይላል መዝገቡ።
አንዱም የለም። ከመደርደሪያው ላይ አቧራው ላይ ቀርቷል ክቡ።
ያምሮትን ልጠይቅ ወጣሁ ወደ ክፍሉ፤
"ክብደቶቹ የት አሉ?"
ዝም አለች፤ እጇ ሥራ ይዟል፤
ከበቅሎ የወደቀ የሞላሌ ልጅ፣ ጭኑ ተሰብሯል፤
ገመዱ ከእግሩ ተነሥቶ፣ በመዘውሩ አልፎ፣
ከጫፉ ድንጋይ ተንጠልጥሏል፣ በፋሻ ተጠቅልሎ።
"አምስት ኪሎ ነው፣ ትንሽ ተረፍ ይላል" አለችኝ፤
"በበርበሬ ነጋዴ ሚዛን አስመዝኜዋለሁ፤ አትጠራጠረኝ።"

ቀረብ ብዬ አየሁት። በፋሻው ቀዳዳ ሆዱ ይታያል፤
የለሰለሰ፣ የጎበጠ፣ ዱቄት የለመደ ይመስላል።
መጅ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ መዘዞ፤ ከባሕር ዛፍ ወድቄ።
ወጌሻው አያ ሀብተየስ በቅቤ አሹኝ።
"አልቅስ" አሉኝ፣ "ያለቀሰ ሥጋ ይላላል።"
ሸምበቆ ሰንጥቀው ጭኔን አሰሩ፤
ከዚያ የሚከብድ ነገር ፍለጋ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩ።
መጁ ላይ አረፉ።
"አርባ ቀን" አሉ፣ "ይህን የነካ ልጄ አይደለም" ብለው አለፉ።

መጃችን ከእግሬ ሥር ተንጠለጠለ፣
ወፍጯችን አፉን ከፍቶ ዋለ፤
እናቴ ገብሷን አዝላ ወደ እታገኝ ቤት፣ ሲመሽ በዝናብ መመለስ፤
የእኔ እግር በጣት ሲረዝም፣ የእሷ ጀርባ ሲጎብጥ፣ ሲለመስ።
በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣
እታገኝ "እህቴ፣ አሁንስ በዛ" አለቻት።
እናቴ ምንም አልመለሰች፤
ቤቷ ገብታ መጇን ፈታች።
ስለዚህ ነው ቀኝ እግሬ እስከ ዛሬ ግማሽ ጣት ያጠረች።

ይህን ለያምሮት ልነግራት ነበር፤ ተውኩት።
"ስንት ቀን?" አልኩ።
"አርባ ሁለት፤ አንዲት አልቀንስም።"
"ድንጋዩስ?"
"ከሞላሌ መጣ፣ በአውቶቡስ ጣራ፤ ክብደት የለንም ብንላቸው።"
እናትየው ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ብላለች፤
"እንግዲህ ምን ትፈጪበት?" አልኳት። ሳቀች፤
"ወፍጮ ቤት አለልን እኮ ጌታዬ!
ከአማቴ ሞት ወዲህ ሥራ ፈት ነበር" አለች።

ወደ ጉሙ፣ ወደ መጋዘኑ ወረድኩ።
ለድንጋይ የሚሆን ዓምድ በመዝገቡ የለም፤
በክብደቶቹ ረድፍ "የጠፋ" የሚለውን ሰረዝኩ፣
ከጎኑ በጠባቡ ባዶ ቦታ ጻፍኩ፦
መጅ። ብዛት፦ አንድ።
ሁኔታው፦ በሥራ ላይ።