አረፋ ቆጣሪ

ለገሃር፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት፣
ባሕር በሌለው አገር፣ ባሕር ያላየሁ ሴት።
ጠረጴዛዬ ላይ ግን ተዘርግቷል ውቅያኖስ፣
ጥጉን በስኳር ጣሳ ይዤዋለሁ፣ እንዳይወስደው ነፋስ።

ደንበኞቼ ሩቅ ናቸው፣ ሰሜን፣ ብርድ አገር፤
የፋብሪካቸውን ጭስ ሊቀብሩ ነው ከባሕር ሥር፣
ከወለሉም በታች፣ ዝቅ ብሎ ሁለት ሺህ ሜትር።
ጋዙ ተመጥጦ ያለቀበት አሮጌ የአለት ጓዳ፣
ካርቦኑን ይቀበላል፣ የማይመለስ እንግዳ።
በላዩ ድፍን ሸክላ፣ እንደ ጋን እፊያ ተደፍቶ።
የእኔ ሥራ ጥያቄ ነው፦
እፊያው አንድ ቀን ቢያፈስ፣ ማን ያያል? በምን? የት ቆሞ?

ጻፍኩ።
መርከብ በዓመት ሁለቴ ድምፅ ትልካለች ወደ ታች፣
ድምፁ ከአለቱ ሲመለስ ጆሮ ጥላ ታደምጣለች።
ወለሉ ላይ ዳሳሽ ይኑር፣ የውሃውን ኮምጣጣነት የሚቀምስ፤
ትሉ ይቆጠር፣ ቀንድ አውጣው፣ ጭቃ ውስጥ ያለ ነፍስ።
አረፋ በታየበት ሁሉ ደወል ይደወል።
ሠላሳ ገጽ ሞላ። ደስ አለኝ።

ከታች ሻይ የምታፈላው ሙላቷ፣ ሲሊንደር በቀየረች ቁጥር፣
ሳሙና በጥብጣ ትቀባለች፣ በአንገቱ ዙር።
ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች፤ ካልተነፋ አረፋ፣
ያን ጊዜ ክብሪት ትጭራለች፣ በሙሉ ተስፋ።
ከሷ ነው የተማርኩት። ግን ለባሕር
ሳሙናው ስንት በርሜል ነው? ጎንበስ የሚለውስ ማን ነው?

አቶ ዘርጋው፣ የሕንፃው ዘብ፣ የድሮ የባቡር ሰው፣
ድሬን አልፎ ጅቡቲ ድረስ ፍሬን ሲይዝ የኖረው፣
መስኮት ሊዘጋ መጥቶ ካርታዬ ላይ ቆመ።
«ይሄ ነው ባሕሩ?»
«ነው።»
«ዝም ያለ ለት ምን ይመስላል?»
አላውቅም።
«እኔ የማውቀው» አለ፣ «በራሱ ጊዜ ይፈላል፣
ሙቀት ሲመጣ ያረፋል፣ ዓሣ ሲያልፍ ይተነፍሳል፣
አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ከሥሩ ያገሳል።
አረፋ ሁሉ ሌባ አይደለም።
ደኅና ሳለ ሳታዪው በታመመ ቀን ብትሄጂ፣
ሕመሙን ከጠባዩ በምን ትለይዋለሽ ልጄ?»

ሌሊቱን መጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩ።
አዲስ ጻፍኩ፦ ጭሱ ከመግባቱ በፊት
አሥራ ሁለት ወር ሙሉ፣ በብርዱም በሙቀቱም፣
ባሕሩ እንዲያው ይታይ፣ ምንም ሳይሆን።

መልስ መጣ በማግስቱ። «መርከብ ውድ ነው፤ አንድ ወር አይበቃም?»
ማንን በአንድ ወር አወቃችሁ?
የቤት አከራይ እንኳ ጠባዩ የሚወጣው
ሦስተኛው ኪራይ ላይ ነው።
(ይህን አልላክሁም። «አይበቃም» ብዬ ብቻ ላክሁ።)

ሌላም አለ። ጉድጓዱ ከታሸገ በኋላ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣
ኩባንያው ስሙን ሲቀይር፣ ሲሞት የፈረመው ሁሉ፣
ማን ይቆማል?
እነሆ ዘርጋው፣ ባቡር ከቀረ ስንት ዓመቱ፣
በአራት ሰዓት ወደ ሐዲዱ ያያል፣ አልለቀቀም ከቤቱ።
እንዲህ ያለ ዘብ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው በጀት ይጻፋል?
ክፍት ቦታ ተውኩለት። ባዶ ሰንጠረዥ፣
ከላዩ «ኃላፊ» የሚል።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ወረደ፣ ሰልፉ ጥግ ያዘ።
ታክሲ ስጠብቅ ከእግሬ ሥር ጎርፉ ኩሬ ሠራ፣
አረፋ ይነፋል፣ ይፈርጣል፣ ደግሞ ሌላ ተራ።
አንዱ ከዝናቡ ነው፤ አንዱ ምናልባት ከፈነዳ ቱቦ፤
የቱ የቱ እንደሆነ ማንም አላየም ቀርቦ።
መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።
ትናንትም እዚሁ ቆሜ ነበር።
ትናንት ግን አልቆጠርኩም።