መሬት የለውም

ሰኞ በማለዳ፣ ቂርያት ጋት ገበያ፣
ሱቁ ሳይከፈት ነው የምደርሰው እኔ፤
በትከሻዬ ላይ ቢጫው መለኪያዬ፣
በኪሴ ውስጥ ደግሞ ሁለት ጥቅል ወረቀት፤
አረንጓዴው ላለፈ፣
ቀዩ ለወደቀ።

የኮረንቲ ሐኪም ይሉኛል ሲቀልዱ።
ትኩሳት አልለካም፣ ምላስ አላስወጣም፤
ገመድ እዳብሳለሁ ከራሱ እስከ እግሩ፣
የተላጠ ቆዳ፣ የቀለጠ ክርን፣
አይጥ የቀመሰችው፣ በር የቀጠቀጠው፣
በፕላስተር ታስሮ «ድኗል» የተባለ።

ፀጉር ቆራጩ ሳሶን ማድረቂያውን ሰጠኝ፤
«አሥራ አንድ ዓመት ሠራ፣ አንድ ቀን አልከዳኝ።»
«ከዳተኛማ» አልኩት፣ «አንድ ቀን ነው ሥራው።»
ሳቀ። ማድረቂያው አለፈ።
ቶንዶሱ ግን ወደቀ፤ እርጥብ ፎጣ ላይ ነው የሚያድረው።

ጫማ ሰፊው ሻልቫ መሞረጃውን ከሣጥን ሥር ደበቀ።
ድምፁን ሰምቼዋለሁ ባለፈው በጋ፣
እንደ ጉንፋናም ሰው ከመንገድ ማዶ ሲያስል።
«የማን ነው?» ስለው፣ «የሞተው ወንድሜ» አለኝ።
ምን ይባላል? ለካሁት።
የሟችንም ዕቃ ቀይ ለጠፍኩበት።

ከሁሉ ጥግ ላይ ናት የጥሩወርቅ ሱቅ፤
ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣
የወታደር ልብስ ላይ ማዕረግ ትሰፋለች።
ካውያዋ ከባድ ነው፣ ሆዱ ብረት፣ የድሮ።
የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ላይ ቆማ
«አልፎ አልፎ ይነክሰኛል» አለችኝ፣ «ለምጄዋለሁ።»
ለምጄዋለሁ!
ስንቱን ነገር ነው በዚህ ቃል የቀበርነው።

አንዱን ጫፍ ከሆዱ፣ አንዱን ከመሰኪያው እግር፤
ቁጥሩ አልመጣ አለ።
ከሦስቱ ሽቦ አንዱ፣ ቢጫና አረንጓዴው፣
ከውስጥ ተበጥሷል።
«መሬት የለውም» አልኳት፣ በአማርኛችን።
ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤
ሁለታችንም አየነው።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ ወገራ፤
ማረሻው የእሱ፣ እርሻው የሰው።
ቀን ማጭዱን ይገዙታል፣
ማታ ዓይኑን ይፈሩታል፤
«እጁ የነካው ብረት ሰው ይበላል» እያሉ።
እኔ ልጁ ይኸው፣ በደሞዝ፣
ሰው የሚበላውን ብረት ከማይበላው እለያለሁ።

«የኔ ልጅ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«አረንጓዴውን ለጥፍልኝ፤ የወገን ነገር ነው፣ ማን ያያል?
ኢንሹራንሱ ወረቀት እንጂ ካውያ አይጠይቅም።
ለሐሙስ የሰባት ሚዜ ቀሚስ አለብኝ።»

እጄ ጥቅሉ ላይ ቆየ። አልዋሽም፣ ቆየ።
ምሽቱን አሰብኩት፦ እንፋሎት፣ እርጥብ ጨርቅ፣
የተረሳ ነጠላ ጫማ፣ ባዶ እግር በሸክላው ላይ...
ኮረንቲ ዘመድ አይቆጥርም፤
አማርኛ አይሰማም፣ ዕብራይስጥም አይሰማም፤
መሄጃ ካጣ በሰው በኩል ይሄዳል።

ቀዩን ለጠፍኩ።
ዓይኗን አዞረችብኝ፤ የማውቀውን ዓይን፣
አባቴ ሲያልፍ መንደሩ የሚያዞረውን።

ማታ ተመለስኩ፣ ከደንቡም ከደሞዙም ውጭ፣
ሁለት ሜትር አዲስ ገመድ ጠቅልዬ።
አላናገረችኝም። መብራት ግን ያዘችልኝ።
ብሎኑን ፈታሁ፣ ቢጫና አረንጓዴውን
ከብረቱ ሆድ አሰርኩት፣ ደግሜ ለካሁት፤
ዜሮ ነጥብ አንድ።

«አሁን መሬት አለው።»
ካውያውን አነሳች፣ ቀዝቃዛ ሆዱን በመዳፏ ዳበሰችው፣
«እሱስ አገኘ» አለች፤
«የኔን የቤት ኪራይ ደግሞ በየትኛው ትለካልኛለህ?»

ቦርሳዬን ዘጋሁ።
ከመንገዱ ማዶ፣ በተዘጋ በር ውስጥ፣
ሻልቫ የወንድሙን መሞረጃ ቀሰቀሰው፤
ያስላል።