ትንሽ ወደ ግራ

አምስተኛው ቀን ነው፤ ጨዋታው አላልቅ አለ፤
ከምሽጉ ማዶ የጋል ባሕር ይጮኻል፣ እንደተበደለ።
አምበል ነኝ። ዐሥር ሰው አሰማራለሁ፣ በጣቴ፣ በዓይኔ፤
ፕራጊት ወደ ገመዱ፣ ሱዳራካ ወደ ጎኔ፤
ነፋሱ ሲዞር ቦታ እቀይራለሁ፣
ኳሷ ሳትመታ የት እንደምታርፍ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው
ቤቱ ሲገባ ግን መቆሚያው የጠፋው ነው።
ቻማሊ በምድጃና በጠረጴዛው መሐል ስትመላለስ
መንገድ እዘጋባታለሁ። "ፈንጠር በል" ትለኛለች፣ ሳትቆጣ፣ ሳትወቅስ፣
ለእንግዳ እንደሚባል፤
ሻንጣዬ ከበር ሥር ሳይፈታ ይከርማል።
ሜዳ ላይ ሳንቲም ይወረወራል፣ ማን እንደሚቀድም ይለያል፤
ቤት ግን ሳንቲም የለም፤ ሁለት ሰው አፉን ከፍቶ ዝም ይላል።

የኢሹሪ የፊት ጥርስ የወለቀ ለት
ሌላ አገር ነበርኩ፣ ሆቴል አልጋ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት።
ለሽኮኮ ብላ ጣሪያው ላይ ወርውራዋለች፤
"ክንዷን ብታይ" አለችኝ እናቷ በስልክ፣ "አንተን መስላለች።"
አላየሁም።

ከምሳ በኋላ የቡድን መሪው መጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
የሴናል እናት ባዱላ ሆስፒታል ገብታለች፤ መልእክቱን ኪሱ ሸሽጎ
"እስከ ማታ ይቆይ" አለኝ። "ሦስት መቺ ነው የቀራቸው፤
ከእሱ በቀር ማን አለን የሚጥላቸው?"
ሴናልን አየሁት፤ ኳሷን በሱሪው እየፈተገ፣
ሃያ ዓመቱ ነው፤ በገዛ ቀልዱ ይስቃል፣ ምንም እንዳልተደረገ።

የእኔ አባት የሞተ ቀን ሰማንያ አራት ነጥብ መትቻለሁ፤
ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ መምቻዬን ወደ ሰማይ አንሥቻለሁ።
የነገሩኝ ሻወር ቤት ነው፣ ሳሙናው ከፀጉሬ ሳይለቅ።
ዛሬም ጭብጨባ ስሰማ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ለምን እንደሆነ ማን ይወቅ።

ጨዋታውን አስቆምኩ። በጆሮው ነገርኩት። "ሂድ፤
መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ዳገት ነው የሚበዛው መንገድ።"
ተቀያሪ ገባ፤ ተቀያሪ ይሮጣል እንጂ አይወረውርም፤ ሕግ ነው።
የቀሩት ሦስቱ እስከ ማታ መቱን። ተሸነፍን። ይኸው ነው።
ፕራጊት ጀርባውን ሰጥቶኝ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፤
አልፈረድኩበትም፤ የሁለት ዓመት ልፋት፣ በአንድ ማታ።
"አምበሉ ልቡ ባባ" ብሎ ጻፈ የነገታው ጋዜጣ።
መልስ አልሰጠሁም። ከባዱላ ግን አንድ መልእክት መጣ፦
"ደርሼባታለሁ። እጄን ይዛለች።"
ሌላ ቃል የለውም።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ከባሕር ላይ እየተነሣ ነበር፤
ቻማሊ ልብስ ልታወርድ ወጥታ፣ የማስጫው እንጨት ሊሰበር፣
"ና፣ ያዝልኝ!" አለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ሮጥኩ።
"እዚያ ጋ ቁም። ትንሽ ወደ ግራ። እዚያው!" አለችኝ፤
ቆምኩ።
ማንም ቦታዬን ነግሮኝ አያውቅም እንዲህ ባንድ ቃል።
እንጨቱን አቅፌ፣ እርጥቡ አንሶላ ፊቴ ላይ ይማታል፤
ኢሹሪ ከደጃፉ "አባዬ፣ ያዝ!" ብላ የልብስ መቆንጠጫ ወረወረች፤
አመለጠኝ።
ብቅ ባለው አዲስ ጥርሷ፣ በክፍተቱም በኩል፣ ሳቀች።