ሃያ ክንድ ገመድ

ኩልና ከተማ፣ ከሩፕሻ ወንዝ ዳር፣
በሩ በተዘጋው ፋብሪካ አጥር ሥር፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
በሳል የተዛመድን እንወጣለን ላፍታ።

እኔን የማጀቴ ጭስ ነው ያከሰለኝ፣
እርጥብ እንጨት ስማግድ አርባ ዓመት የሞላኝ፤
ሞፋጆልን ደግሞ የቃጫ ብናኝ ነው፣
ጆንያ ሲሸምን ሳንባውን ሸመነው።

ሸፋሊ የምትባል የሰፈር ልጅ አለች፣
ዶክተር አይደለችም፣ ወር ሠልጥና መጣች፤
በአንድ እጇ ሰዓት፣ በአንድ እጇ ገመድ፣
ሃያ ክንድ ለክታ ትዘረጋለች መንገድ።

«ሲያጥራችሁ ቁሙ፤ መቆም ነውር የለውም።
ከንፈር አሹሉና እፍ በሉት አየሩን፣
ኩራዝ ፊት እንዳለ ሰው፤
ነበልባሉ ይጎንበስ፣
ግን እንዳታጠፉት።»

ገመዱ የማን ነው? ሞፋጆል ያውቀዋል፣
እዚያው ፋብሪካ ውስጥ በእጁ ገምዶታል።
ሳንባውን የበላው ያ የድሮ ቃጫ
ዛሬ ሆኖ መጣ የሽማግሌ መሮጫ።

እሱ ግን ዝምተኛ ነው።
ሌሊቱን በሳል ሲፈርስ እያደረ
ለሚስቱ ለሮኪያ እንኳ
አንድ ቀን አልተነፈሰም።
«አቧራ ነው» ይላል። «ብርድ ነው።»

በየቤታችን፣ ድስት ከመጣዳችን በፊት፣
አንዳንድ ጭብጥ ሩዝ በጣሳ እናስቀራለን፤
ወሩ ሲሞላ ይሸጣል፣
ፓፉ ላለቀበት ሰው ይገዛለታል።
የላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ በስተን
ፓፉን እዚያ እንሰካለን፣
አየሩን ቀስ ብለን በአፉ እንስባለን።
የእኔ ጠርሙስ የማንጎ ጭማቂ ነበረበት፤
መድኃኒቱ እስካሁን
ማንጎ ማንጎ ይለኛል።

ሐምሌ ላይ ውሃው ሰፈር ገባ።
ሞፋጆል ሁለት ማክሰኞ ቀረ።
በሦስተኛው እኛው ሄድን፣
ሳሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን፣
ገመዱን እንዳይርስ አናታችን ላይ ጠምጥመን፣
በየአጥሩ ቆመን እያረፍን፣
እየሳልን።

ከአልጋው እግር እስከ በሩ መቃን
አራት ክንድ ብቻ።
የቀረው አሥራ ስድስት ክንድ
ደፉ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ፣
እንደ ቤት ውሻ።

ተነሣ። ሄደ። ቆመ።
ከንፈሩን አሾለ።
ተመለሰ።
ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ አራት።
አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሮኪያን አያት፤
«ሌሊት ሌሊት እፈራለሁ» አላት።

ሸፋሊ ሰዓቷን አየች፣
ደብተሯ ላይ ግን ምንም አልጻፈች።
ሰላሳ ዓመት አምቆ
ሞፋጆል ተነፈሰ።

ዝናቡ አላባራም።
ገመዱን አልጠቀለልነውም፤
ለነገም ይሆነዋል ብለን
እዚያው ተውነው።