ከሁለት ካነሰ

በነሐሴ ማናማ ሰማዩ ደመና የለው፣
እኔ ግን ሌሊቱን ደመና ላይ ገመድ ስቀጥል ነው የማድረው።
ውጭው አርባ አራት ዲግሪ፣ ውስጡ ጃኬት ያስለብሳል፤
ሱኒል ከመሰላሉ ሥር አራት ቢጫ ክር ያቀብላል።
እኩል ፍጥነት፣ እኩል ውፍረት፣ አንድ ስም ለአራቱ፤
አንዱ ቢበጠስ ሌሊት፣ ሸክሙን ይዘው ያድራሉ ሦስቱ።
ማዶ ያለው ባንክ ገንዘቡን ይቆጥራል፤
ምንም አላየ።

ድር ቢያብር ይላሉ።
ስንት ድር እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝ፤
ማሽኑ ነው፣ «ትንሹ ቁጥር ስንት ይሁን?» ያለኝ።
ሁለት አልኩት። ከሁለት ካነሰ፣
የተረፈውም ይዘጋል፤
መብራቱ በርቶ ሳለ፣ ቃል እንዳልተነፈሰ።

ሙሐረቅ፣ ባንድ ክፍል፣ አራት ነበርን፤
የወር ኪራዩን ከአራት ኪስ ለቅመን፣
ለአቡ ራሺድ በአንድ እጅ፣ በተማም ስም ስንከፍል ከረምን።
የዘርጋው ቪዛ አለቀ፤ ድርሻውን ለሦስት ተካፈልን፣
ከእራትም ትንሽ ቀነስን።
ተማም መርከብ ላይ ሥራ አገኘ።
ሐሙስ ደግሞ ሽኩር ፍራሹን ጠቅልሎ፣
«ላንተ ይሁን» ብሎኝ ወጣ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ።

ዛሬ ከፈረቃ ስመለስ አቡ ራሺድ በር ላይ ቆሟል።
አልተበጠስኩም እኮ! ደመወዜ ገብቷል፣
ድርሻዬን ቆጥሬ በእጄ ይዣለሁ፤
እሱ ግን እጁን የዘረጋው ለቁልፉ ነው።

አልተቆጣሁትም።
እኔም ትናንት ሌሊት፣ ያለ ምንም ክፋት፣
ብርድ ባደነዘዘው ጣት፣
ያንኑ ቁጥር ነው የጻፍኩት።