ዝም ያለው ጥርስ

መዶሻውን አኑር፣ አንሴልሞ ልጄ፣
ምስማሩን ከአፍህ አውጣ፣ አስቀምጥልኝ በእጄ።
ሳምንት ሙሉ አየሁህ፣ በግራ ታኝካለህ፣
ነፋሱ ሲመጣ ጉንጭህን ትይዛለህ።
ይህን መንገድ እኔ ሄጄበታለሁ፤
ዝናቡ እስኪያባራ እነግርሃለሁ።

ያን ክረምት በቺሎዌ ባሕሩ ሲያገሳ፣
የሩፔርቶን ጀልባ ጎኗን ስናነሳ፣
ከታችኛው መንጋጋ፣ ከወደ ኋላ፣
አንድ ጥርስ ተነሣ ሌሊት እኔን ሊበላ።
መጀመሪያ ቀዝቃዛው እንደ ወስፌ ወጋኝ፤
ቀጥሎ ትኩስ ሾርባ ከገበታ አስነሳኝ፤
ከዚያማ ያለ ምክንያት፣ በእኩለ ሌሊት፣
ልቤ መንጋጋዬ ውስጥ ጀመረች መምታት።

ሉዶቪና ሚስቴ «ሂድና ታከም» አለች።
«ነገ» አልኳት፤ በነጋው ባሕሯ ታወከች።
ከነገ ወዲያ ድንች የሚለቀምበት፣
ከዚያም ወዲያ ጀልባው ቀለም የሚቀባበት፤
ቅርንፉድ ነከስኩበት፣ አረቄ ያዝኩበት፤
ስንቱን ነገ በላሁ በዚያ በታመመ ጥርስ፣
እየቻልኩ፣ እያቃሰትኩ፣ ሌላ ነገ እስኪደርስ።

አንድ ማለዳ ነቃሁ።
ጸጥ።
ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ፤ ዝም። በምላሴ ነካሁት፤ ዝም።
ሉዶቪናን አቅፌ በጓዳው አዞርኳት፣
«አየሽ? አንድ ፔሶ ሳልከፍል ዳንኩ!» አልኳት።
በሙሉ አፌ ሳቅሁ። ጥርስ ለባዕድ ይስቃል ይባል የለ?
ለካ ያ ጥርሴ በእኔው ላይ ይስቅ ነበር።

አራት ወር አለፈ።
ከድዴ ላይ አንዲት ብጉር ወጣች፣ የምስር ፍሬ የምታህል፤
ትፈርጣለች፣ አፌ ይመራል፣ ሰንብታ ደግሞ ትሞላለች።
ምን ቸገረኝ? አላመመችኝም።
በመንደሩ በዓል ዕለት ግን ፊቴ አብጦ፣ አንድ ዐይኔ ተሸፍኖ፣
ቄሱ እጁን ሲዘረጋልኝ ማን እንደሆንኩ ጠየቀ፣ አዝኖ።

ወደ አንኩድ ወሰዱኝ።
ዶክተር ግሪሴልዳ ኦያርሶ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለችው፣
በሥሩ ጫፍ ያለውን ጥቁር ጥላ በብዕሯ ከበበችው።
«ሕመሙ ሲተውህ የዳንክ መስሎሃል?
ነርቩ ሞቶ ነው እንጂ። ዘበኛው ሞቷል፤
ሌባው ግን ከቤት ነው፤ ጓዳውን ጨርሶ
አጥንትህ ድረስ ሄዷል፣ ግድግዳ ሰርስሮ።»

ገባኝ። ስንት ሳንቃ አይቻለሁ እኔ፣
ላዩ ቀለም የጠጣ፣ የሚያምር ለዐይኔ፣
በመዶሻ ሲነኩት ግን ዱቄት የሚተፋ፤
ውስጡን ለቄስ ብሎ፣ በትል ያለቀ፣ የጠፋ።

አመመህ ወይ በለኝ። መርፌዋ ቆነጠጠችኝ፤
ከዚያ ከንፈሬ የጎረቤት ከንፈር ሆነችኝ።
ጥርሱን በስስ ጎማ ከሌላው ለየችው፣
ከአናቱ ትንሽ በር ከፈተች።
ከፈረስ ጭራ የቀጠኑ ሞረዶች አሏት፤
ሁለት ሥር፣ ሦስት ቦይ፣
ለካች፣ ሞረደች፣ አጠበች፣ ደግማ ለካች፤
የእኔ ብጤ አናጢ ናት እያልኩ ሳደንቃት
አንኮራፋሁ አሉ።

መድኃኒት ጨምራ ዘጋችው። በሁለተኛው ጉዞዬ
ቦዮቹን እስከ ጫፋቸው ደፈነች፣ እኛ የጀልባ ስፌት እንደምንደፍን፣
ጠብታ እንዳታልፍ። ቆየት ብላም ቆብ ደፋችለት።
ይኸው፣ ተመልከት፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፤ አጥንት ይሰብራል።

«ሦስት ወር ቀድመህ ቢሆን» አለችኝ ስንሰነባበት፣
«ባነሰ ገንዘብ፣ ባነሰ ጣጣ ትገላገል ነበር።
ሦስት ወር ዘግይተህ ቢሆን ደግሞ...»
ጉጠቱን አሳየችኝ።
(በቀኝ በኩል ያለው ክፍተት ጉጠት የሄደበት ነው፤
ስለ እሱ ሌላ ቀን።)

ምን አልክ?
«ሰሞኑን ነበር እንጂ ዛሬስ ተወኝ» አልክ?
ትናንት ማታ ድንገት ዝም አለልህ?
እሱን ነው፣ ልጄ፣ የፈራሁልህ።

ጀልባዋ የምትነሣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።
ካፖርትህን ደርብ። ሳንቃው የትም አይሄድ።
ምስማሩን እኔ እይዝልሃለሁ፤
በጥርሴ አይደለም፣
በኪሴ።